«ሆስፒታል ሆቴል አይደለም» ለሚሉን

አንድ የክፍላችን ልጅ ኳስ ሲጫወት ጭኑ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን። እኛም ተራ እየገባን፣ አንዳንዴም ትምህርት እየዘለልን፣ ስንጠይቀው ከረምን። መቼም ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ከየኪሳችን አዋጥተን ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ብስኩትና ለስላሳ ገዛን። ሌላው ጓደኛም እንዲሁ፣ ዘመድም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የልጁ ኮመዲኖ ሞልቶ የተረፈው ከአልጋው ሥር ገባ። በስምንተኛው ቀን ሙዙ ጠቁሮ ዝንብ ስለሰበሰበ የጽዳት ሠራተኛዋ ተቆጥታ ጠርጋ ጣለችው። ከዚሁ አልጋ አንድ ክንድ ተኩል ርቀት ላይ የተኛ ሰው ተርቦ ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ «እግዜር ይማርዎ» እያልነው ስናልፍ አላየነውም።

ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ስናቀርብ «ይህ ምኑ ነው ሥነ ጽሑፍ?» ያለን አልጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ሆስፒታል የተኛ ሰው ይተክዛል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የመስኮቱን ዝናብ ያያል፤ በመጨረሻም ይሞታል። መክሰስ ሲበላ አይተነው አናውቅም። ራቱን በልቶ ይሁን ሳይበላ የጠየቀ ደራሲም አላጋጠመን። እንግዲህ ገጹን ለአንድ ጊዜ ለሳህኑ ብንለቅለት ምን ይለናል?

የጓደኛችን የአልጋ ጎረቤት ከገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ። የስኳር በሽታ እግራቸውን አቁስሎባቸው ነው የመጡት። ያመጣቸው ልጃቸው አዝመራ ስለደረሰበት በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። መድኃኒት ከውጭ ግዛ ሲባል የሚሮጥለት የለም። ሳህኑን የሚያቀርብለት፣ ትራሱን ከፍ የሚያደርግለት፣ «አባባ፣ በሞቴ አንድ ጉርሻ» የሚለው የለም።

የሆስፒታሉ ራት የሚታደለው በአሥር ሰዓት ተኩል ነው። ራት ተባለ እንጂ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። ምክንያቱን ጠይቀናል፦ የወጥ ቤት ሠራተኞች ዕቃ አጥበው በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ቤታቸው መግባት አለባቸው። እውነታቸውን ነው፤ እነሱም ልጆች አሏቸው። ግን የሚቀጥለው ምግብ፣ ማለትም ዳቦና ሻዩ፣ የሚመጣው በማግሥቱ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እስቲ ቁጠሩት፤ አሥራ አምስት ሰዓት ተኩል። ደህና ሰው በዚህ መካከል ቢርበው ተነሥቶ ከሱቅ ዳቦ ይገዛል። አስታማሚ ያለውም ከፔርሙዙ አጥሚት ይቀዳለታል። ለእርሳቸው ግን ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ የሚመጣው ጨለማ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ሽሮው ቀዝቅዞ ስለመጣ ጥቂት ጎርሰው ተዉት። ሳህኑም እንደነበረ ተነሣ፤ «አልበሉም» ብሎ የመዘገበ የለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኢንሱሊኑ መጣ። እሱ መቼም በሰዓቱ ነው፤ በካርዳቸው ላይ ተጽፏል፤ ፊርማም አለው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሽማግሌው መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ላብ አጠመቃቸው፤ አገራቸው የቀሩትን በሬዎች በስም እየጠሩ «ና! ና!» ይላሉ። ጓደኛችን እግሩ በገመድና በክብደት ተወጥሮ መነሣት ስለማይችል ጮኾ ተጣራ። ለዚያ ሁሉ በሽተኛ ሌሊቱን የምታድረው ነርስ አንዲት ናት። ሮጣ መጣች፤ ገና እንዳየቻቸው «ጣፋጭ ነገር ያለው ሰው! ቶሎ!» አለች። ከአልጋው ሥር የኛ ሚሪንዳ ወጣ። ገና መዋጥ ይችሉ ስለነበር ቀስ እያለች አጠጣቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ዓይናቸውን ገልጠው «ምነው፣ ምን ሆናችሁ ተሰበሰባችሁ?» አሉ።

ጧት ሐኪሞቹ ሲዞሩ ሽማግሌው ወደ ባዶው ጠርሙስ እየጠቆሙ «ያን መድኃኒት እዘዙልኝ፤ እሱ ነው የሠራልኝ» አሏቸው። ተሳቀ። ጓደኛችን ሲነግረን እኛም ሳቅን። ኋላ በአውቶቡስ ስንመለስ ነው ሳቁ የከዳን። ሰውዬው ምን ተሳሳቱ? ማታ የሚወጋው ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ እየበረታ ይሄዳል፤ ጉልበቱ የሚጠናው ሰው ሁሉ በሚተኛበት ሰዓት ነው። ለዚህም ነው ይህን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ከመኝታ በፊት ትንሽ መክሰስ ይሰጠው ሲባል የኖረው። አንድ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት። መድኃኒቱን ሰጥቶ ምግቡን መከልከል ግማሽ ሕክምና ነው ልንል አስበን ነበር፤ ግማሽም አይደለም፤ ሰውዬውን ገደል አፋፍ ወስዶ መተው ነው።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። የበሽተኛ ምግብ የሕክምናው አካል ነው፤ እንደ መድኃኒቱ ሊታዘዝ፣ በሰዓቱ ሊሰጥ፣ መበላቱም ሊመዘገብ ይገባል። የማታዋ መክሰስ ደግሞ የዚህ ሁሉ መፈተኛ ናት። አንድ ሆስፒታል ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠያቂ ለሌለው በሽተኛ አንድ ዳቦ ማቅረብ ካልቻለ፣ ጧት በስንት ሐኪም ቢጎበኘው የሌሊቱ ጉድለት አይሸፈንም።

አሁን የሚቃወሙን ይምጡ።

«ሆስፒታል ሆቴል አይደለም» ይላሉ አንደኞቹ፤ ይህን ያለን አንድ ከረባት ያሰሩ የአስተዳደር ሰው ናቸው። ልክ ነው፤ አይደለም። ሆቴል ያደረ ሰው ራት ቢቀርበት ይነጫነጫል እንጂ ቁስሉ አይከፈትም። ይህ ክርክር ደግሞ አዲስ አይደለም። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ቁስለኞቻቸውን ወደ ስኩታሪ፣ ከኢስታንቡል ማዶ ወዳለው ሰፈር፣ ሲያግዙ ወታደሩን ከጥይት ይልቅ በሽታና ቆሻሻ ይጨርሰው ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እዚያ የደረሰችው በ1854 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ ማን ተከትሎ ሄደ? አሌክሲስ ሶየር የሚባል፣ በለንደን ስሙ የገነነ ፈረንሳዊ የወጥ ቤት ሹም! የሆስፒታሉን ወጥ ቤት እንደገና አደራጀው። ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የነርሲንግ መጽሐፏ ውስጥ ስለ ምግብ ሁለት ምዕራፍ ጽፋለች፤ አንዱ ስለ ምግቡ ዓይነት፣ አንዱ ስለ አበላሉ። ነገሯ ሲጠቀለል፣ በሽተኛ በምግብ መካከል ተኝቶ ሊራብ ይችላል፤ የሚርበውም ምግብ ስለጠፋ ሳይሆን መቼና እንዴት እንደሚበላ የሚከታተለው ስለሌለ ነው። የቀዘቀዘው ሽሮ እስከ ሌላ ምግብ ድረስ አጠገቡ ቢቀመጥ ደግሞ ጭራሹን ያንገሸግሸዋል። ይህ ከተጻፈ መቶ ስልሳ ዓመት አልፎታል።

«እሱ የድሮ ነው» ካላችሁ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ቻርለስ በተርወርዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የጻፈውን አንሡ። ሀብታሞቹ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በገዛ ሐኪሞቻቸው ዓይን ሥር በሽተኛ እንደሚያስርቡ አጋለጠ። የዘረዘራቸው ጥፋቶች ተራ ነገሮች ናቸው፦ በሽተኛው ሲገባ አይመዘንም፤ ለምርመራ ተብሎ ምግቡ ይቀርበታል፤ ምን ያህል እንደበላ የሚያይ የለም፤ በግሉኮስ ብቻ ለቀናት ይቆያል። ስናነበው የጓደኛችንን ክፍል የጎበኘ መሰለን።

ግሉኮስ ካልን አይቀር፣ በእኛ አገር ይህች የተንጠለጠለች ላስቲክ ያላት ክብር ያስገርማል። «ግሉኮስ ተሰቅሎለታል፤ ምን ጎደለው?» ይባላል። አንድ ሊትሩ፣ የተለመደው አምስት በመቶው፣ ሃምሳ ግራም ስኳር ነው። ሁለት መቶ ካሎሪ ቢደርስ ነው፤ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ፕሮቲን የለው፣ ቅባት የለው። ውኃ ለጎደለው ሰው ውኃ ነው፤ ምግብ ነው ያለ ግን ራሱን አታሏል።

ሁለተኞቹ «ባጀት የለም» የሚሉ ናቸው። ይህን በንቀት አናልፈውም፤ የሆስፒታል ወጥ ቤት በምን ዓይነት ገንዘብ እንደሚሠራ እናውቃለን። ግን ሒሳቡ በትክክል ይሠራ። የተቆረጠ ሥጋ የሚገጥመው፣ የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው ከምግብ በሚገኝ ነገር ነው፤ ሌላ ምንጭ የለውም። ቁስሉ ያልሻረ ሰው አልጋውን ይዞ ይከርማል፤ አልጋው ደግሞ ገንዘብ ነው፤ ፋሻው፣ አንቲባዮቲኩ፣ የሐኪሙ ጊዜ ገንዘብ ነው። በስዊዘርላንድ ስምንት ሆስፒታሎች የተካሄደ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በምግብ እጦት ሊጎዱ የተቃረቡ 2,088 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሹ የተለመደውን የሆስፒታል ምግብ በሉ። ለሌላው ግማሽ የየሰዉ ፍላጎት ተለክቶ፣ በመክሰስም በሌላም እየተደጎመ፣ የሚበላው ክትትል ተደረገበት። በሠላሳ ቀን ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዎች አሥር ሲሞቱ፣ ከሁለተኞቹ መቶ ሰዎች የሞቱት ሰባት ናቸው። ስዊዘርላንድ ነው እንግዲህ! ወተትና ቸኮላት የሚትረፈረፍበት አገር። እዚያ ሳህኑን መከታተል ከመቶ ሦስት ነፍስ ካተረፈ፣ እዚህ ስንት እንደሚያተርፍ ገምቱ።

ደግሞስ ሩቅ ምን አስኬደን? በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሕፃናት ክፍል ውስጥ በምግብ እጦት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ጥግ አለ። እዚያ ኤፍ 75 የሚባለው ወተት ይሰጣል። አሰጣጡን እዩ! ሕፃኑ ይመዘናል፤ በኪሎው ልክ ወተቱ በሚሊ ሊትር ይለካል፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይሰጣል፤ የጠጣው፣ የተወው፣ ያስመለሰው ሁሉ ይጻፋል። ሌሊት ሳይመገብ ካደረ ስኳሩ ወርዶ ሊሞት እንደሚችል ነርሶቹ አሳምረው ያውቃሉ። እንግዲያው ዕውቀቱ አለ፤ ሥርዓቱ አለ፤ ቅጹም ታትሟል። በአንድ ግድግዳ ወዲያ ምግብ በሰዓትና በመጠን የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በግድግዳው ወዲህ የዘመድ ጉዳይ ነው። ግድግዳው ይህን ያህል ወፍራም ነው እንዴ?

ሦስተኞቹ ባህላችንን የሚጠሩት ናቸው። «እኛ ኢትዮጵያውያን የታመመ ወገናችንን በማስታመም የታወቅን ነን፤ ሆስፒታሉ ባይሰጥ ቤተሰብ ያመጣል።» በዚህ ላይ ቆየት ማለት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም እውነትም ውሸትም ነው። እውነትነቱን በየቀኑ ከምሳ በፊት በሆስፒታሉ በር ቆሞ ማየት ይቻላል። ምሳ ዕቃ በፎጣ የጠቀለሉ እናቶች፣ ፔርሙዝ ያንጠለጠሉ እህቶች፣ የጥበቃውን ፊት እያዩ የሚለማመጡ አባቶች። ያን ፍቅር ያየ ሰው አያላግጥበትም። ግን ይህ ፍቅር ምን እንደሚያስከፍል ማን ጠየቀ? አንዲት እናት ወለል ላይ ካርቶን አንጥፋ ወር ታድራለች፤ ቤቷ የቀሩትን ልጆች ጎረቤት ያያቸዋል፤ ጉልቷ ይዘጋል። ከሩቅ አገር የመጣው አስታማሚ ደግሞ በሽተኛውን ለማብላት ራሱ ጦሙን ይውላል። የሆስፒታል ምግብ ሲቀርብ አስታማሚና በሽተኛ አንዱን ሳህን ሲካፈሉ አይተናል። ለአንድ ሰው የማይበቃውን ለሁለት! ባህል ነው ብለን የምናሞግሰው ነገር መንግሥትና ሆስፒታል ያላወጡትን ወጪ ድሃዎች ሲሸፍኑ ነው።

ዘመድ የሚያመጣው ምግብስ? ለኩላሊት በሽተኛ ጨው የበዛበት ወጥ ይመጣል፤ ለስኳር በሽተኛ በማር የተሠራ አጥሚት ይመጣል። ያመጣው ሰው ምን ያውቃል? «ምን ላምጣለት?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አላገኘም። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን ባዮቹ እንኳ ስብራት ለሚጠግን ልጅ ዘጠኝ ጠርሙስ ለስላሳ ተሸክመን የሄድን ነን። አንድ እንቁላል የቀቀለ ከመካከላችን አልነበረም።

ዘመድ የሌለውስ? የቀን ሠራተኛው፣ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ፣ መንገድ ላይ ወድቆ የተነሣው፣ ልጁ ለአዝመራ የተመለሰበት ሽማግሌ? ባህላችን ለእነሱ ምን አዘጋጅቷል? የአጠገባቸው አስታማሚ ልቧ ከራራ ጉርሻ አለ፤ ካልራራ የለም።

«በሽተኞቹ ራሳቸው አንበላም ይላሉ፤ ጾም ነው ይላሉ» የሚሉም አሉ። አዎን፣ አለ። ግን ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ ቁርአንም ለታመመ ሰው ፈቅዶለታል። ካህኑ ወይም ሼኩ መጥተው አንድ ቃል ቢናገሩ የሚያልቅ ነገር ነው። እምቢ ላለም ቢሆን በሶ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ሱፍ ፍትፍት አለ። ለዚህ የሚያንስ አገር አይደለንም።

የቀዶ ሕክምናውን ጾም ሳናነሣ ብናልፍ ግን ይቆጨናል። «ነገ ኦፕራሲዮን አለብህ፤ ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ» ይባላል። ራቱን በአሥር ሰዓት ተኩል የበላ ሰው ነው ይህ! ጧት ተራው አልደረሰም፤ ቀትር ሆነ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ለነገ ተላልፏል» ይሉታል፤ ምሳው ተነሥቷል፤ ነገም ያው ነው። ጓደኛችን እንዲህ ሁለት ጊዜ ጾሞ ተመልሷል። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የሌለበት ሰው ቀለል ያለ ምግብ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ውኃ ወይም ወተት የሌለበት ሻይ ደግሞ ሰመመን ከመሰጠቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ መውሰድ ይችላል። ሃያ ሁለት ሰዓት ተኩል ጉሮሮን ማድረቅ ለጥንቃቄ ተብሎ ከሆነ ጥንቃቄው አልፎ ሄዷል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ግለ ሂስ ይሏል ይህ ነው። በካፍቴሪያችን ወጡ ቀጠነ ብለን ትሪ ያጋጨን እኛ ነን። ዳቦው አነሰ ብለን ኮሚቴ አቋቁመናል፤ ኮሚቴውም ዲኑን አነጋግሯል፤ ዳቦውም ትንሽ ወፍሯል። ጥሩ አደረግን። ሽማግሌው ግን ትሪ አያጋጩም። እግራቸው ቆስሏል፤ ቋንቋው የከተማ ነው፤ ነርሷን ካስቀየሙ መርፌው የሚቀርባቸው ይመስላቸዋል። ቢርባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኛም የተኙ መስሎን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ብስኩት እንበላለን።

ስለዚህ ለሆስፒታሉ አስተዳደር የሚቀርብ ደብዳቤ አዘጋጅተናል። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ራቱ ቢያንስ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገፋ። የወጥ ቤት ሠራተኛ ማምሸት ካልቻለ ለማታ መክሰስ ምድጃ አያስፈልግም፤ ዳቦና ሙዝ፣ የተበጠበጠ በሶ፣ በፔርሙዝ የገባ ወተት ከቀን ጀምሮ በቁልፍ ተቀምጦ ቁልፉ ከሌሊት ተረኛዋ ጋር ይደር። መጀመሪያ የሚታደለውም ኢንሱሊን ለሚወጉትና አስታማሚ ለሌላቸው ይሁን። ሳህን የምትሰበስበው ሠራተኛ «ሙሉ፣ ግማሽ፣ ምንም» የምትል ምልክት በካርዱ ላይ ታድርግ፤ ምንም ያልበላ ሰው ኢንሱሊን ከመወጋቱ በፊት ነርሷ ትወቀው። በሽተኛው ሲገባና በየሳምንቱ ይመዘን። ሚዛኑ በኮሪደሩ ጥግ አቧራ ለብሶ ቆሟል፤ አይተነዋል።

የኛም ድርሻ አለ። ከእንግዲህ ጓደኛ ልንጠይቅ ስንሄድ መጀመሪያ ሲስተሯ ጋ ቀርበን «ጠያቂ የሌለው ማነው? ምን ይፈቀድለታል?» እንላለን። ሲስተሯ ሳትፈቅድ ለማንም ምንም አንሰጥም፤ ለበጎ ብለን ሌላ ሽማግሌ እንዳንገድል። ከለስላሳው የተረፈው ገንዘብ እንቁላልና ዳቦ ይገዛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሚሄደው ቡድን እስካሁን ሰባት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ምግብ ማቅረብ እንማራለን ብለዋል።

ሽማግሌው ሁለት ጣታቸው ተቆርጦ፣ ልጃቸው መጥቶ፣ ወደ አገራቸው ገብተዋል። የጓደኛችንም እግር እየጠና ነው። አልጋዎቹ ላይ ሌሎች ተኝተዋል።

ደብዳቤው ከማክሰኞ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ለፊርማ ይቀመጣል። ስማችሁንና ዓመታችሁን በጉልህ ጻፉ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ ባለፈው በገመድ ያሰርነው ጠፍቷል።